የሚወዛወዘው የሰዓት ቁልፍ

ባለፈው ክረምት አንዲት የጢቾ እናት የሟች ባለቤታቸውን የእጅ ሰዓት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ አሰላ ይዘውልኝ መጡ። በመስታወቱ ውስጥ እንፋሎት ገብቶ ቁጥሮቹ አይለዩም። ሟቹ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩና፣ ሰዓቱን ይዘው የተመለሱት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እናቲቱ «ልጄ ነው ያበላሸው» አሉ፤ ልጁም አጠገባቸው ቆሞ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ነገሩን ስመረምር ጥፋቱ ከታሰበው ያነሰ ሆኖ አገኘሁት።

ሰዓቱ ቮስቶክ አምፊቢያ የሚባለው ነው። የሚሠራውም በካማ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቺስቶፖል ከተማ ሲሆን፣ ፋብሪካው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ከሞስኮ ወደዚያ የተዛወረ ነው። ሚካኤል ኖቪኮቭና ቬራ ቤሎቫ የተባሉ ባለሙያዎች በ1967 እንደዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ 200 ሜትር ጥልቀት እንዲችል አድርገው አወጡት። የጀርባው ክዳን በሰፊ ጎሚኒ ላይ ተቀምጦ በቀለበት ይታሰራል፤ ውሃው በከበደ ቁጥር ክዳኑን ወደ ጎሚኒው አብልጦ ይጫነዋል። ስለዚህ በዚያ በኩል በሩን የሚዘጋው ውሃው ራሱ ነው። የሰውን ጥንቃቄ የሚሻው በጎኑ ያለው መሙያ ቁልፍ ነው።

ይህ ቁልፍ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ይዘጋል። ወደ ግራ አዙረው ሲፈቱት ግን ሊነቀል እንደ ደረሰ የሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። ያየው ሁሉ ተሰበረ ይላል፤ ነገር ግን ሆን ተብሎ እንዲሁ የተሠራ ነው። በቁልፉና ወደ ውስጥ በሚዘልቀው ቀጭን ዘንግ መካከል ሞላ ያለበት መያዣ አለ። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ዘንጉን ለቆ ብቻውን ይዞራል፤ ጥቂት ሲስቡት ዘንጉን ይይዝና ሰዓቱን ይሞላል፤ ይበልጥ ሲስቡት ቆጣሪዎቹን ያዞራል። ቁልፉ አንድ ነገር ቢመታውም ዘንጉ በቀላሉ አይጎብጥም።

ልጁ ይህን ከየት ይወቀው? ሲወዛወዝ አይቶ ደነገጠና እናቱ ሳይሰሙ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም ቁልፉን ከዘንጉ ጋር በማጣበቂያ አጣብቆ «አጠናከርኩት» አለው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በተጠመዘዘ ቁጥር ዘንጉን አብሮ እያዞረ አጎበጠው፤ ጠማማ ገብቶም ጥርሱን በላው፤ በቀረው ክፍተት የጢቾ የሐምሌ እርጥበት ገባ።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ቁልፍ ከሌላው ይልቅ ይደክማል። የቀኑ ቁጥር የተሠራው እስከ 31 ነው፤ የእኛ ወር ግን 30 ነውና በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከጳጉሜን 5 በኋላ ቁጥሩ 6 ይላል፤ ከዚያ መስከረም 1 እስኪደርስ 26 ጊዜ መለወጥ አለበት። በአውሮፓውያኑ ወር የሚኖር ሰው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ሲያስተካክል እኛ 13 ጊዜ ቁልፉን እንፈታለን። ይህ ሰዓት ቀኑን ብቻ ለይቶ የሚለውጥበት ስልት የለውም፤ ቆጣሪውን ከ12 ካሳለፉ በኋላ ወደ ኋላ እስከ 8 ገደማ መልሶ እንደገና ከ12 ማሳለፍ ነው። በእኛ ሰዓት 12 የሚውለው በንጋትና በምሽት ስለ ሆነ፣ ቀኑ በየትኛው እንዲለወጥ መምረጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው። እኔ ዋዜማውን አስቤ ምሽቱን እወድዳለሁ፤ ሟቹ ግን በንጋት አድርገውት ኖሯል።

ሰዓቱን ከአንድ የአሰላ ሰዓት ሠሪ ጋር ከፈትነው። ትንሿን መልቀቂያ ቀስ ብሎ ተጭኖ ዘንጉን ከነቁልፉ አወጣ። በሰዓቱ አካል ላይ ያለው ጥርስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነበር፤ የተበላው የቁልፉ ብቻ ነው። መሥራት ካቆመ ተመሳሳይ ሰዓት ቁልፍና ዘንግ ተወሰደ። የዘንጉ ርዝመት መለካት አለበት፤ ከረዘመ ቁልፉ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። በቁልፉ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ደርቃ ስለ ነበር ተለወጠችና ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ተቀባች። (ጎሚኒን በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ ያብጣል።) ማሽኑን ከመመለሳችን በፊት ባዶውን ቤት ደረቅ ወረቀት ጨምረን ዘጋነውና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳደርነው። ወረቀቱ በማግሥቱ ደረቅ ነበር። ቢሆንም ያረጀ ሰዓት ነውና ለዝናብና ለእጅ መታጠቢያ እንጂ ለጥልቅ ውሃ አይታመንም። እንፋሎት የታየበትንም ሰዓት እሳት ዳር አታኑሩት፤ መስታወቱ ፕላስቲክ ነው፤ ዝገትም ቀን አይሰጥምና ቶሎ ይከፈት።

እናቲቱ ሊረከቡ ሲመጡ ቁልፉን ፈታሁላቸው። መወዛወዙን ባዩ ጊዜ ዝም አሉ፤ ቆይተውም ባለቤታቸው በመስከረም 1 ንጋት ቀኑን ሲያዞሩ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው በቤቱ ማንም እንዳይናገር ይከለክሉ እንደ ነበር አጫወቱኝ። ሰዓቱንም ወደ ልጃቸው ዘረጉለት። በመስከረም 1 ንጋት 26 ጊዜ የቆጠረው እርሱ ነው።