ተማሪው ገብቶ ዕውቀቱ ከደጅ ሲቀር

ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ቤት ነው ይባላል። ቤት ከሆነ ባለቤትና እንግዳ ይኖረዋል፤ ከከፍተኛው ስፍራ የሚቀመጥ እንዳለ ሁሉ ከደጅ የሚቆምም ይኖራል። ባለቤቱ ከደጅ ቆሞ እንግዳው በወንበር የተቀመጠበት ቤት ሲገኝ ግን ነገሩ ዳኛ ያሻዋል። በካናዳ አገር ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲስ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በገዛ ምድራቸው ላይ በተሠሩት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የቆዩበት ሁኔታ ይህን የመሰለ ስለ ሆነ፣ ስለ እነርሱ ልንሟገት ተነሥተናል። አሳባችን አጭር ነው፤ ተማሪውን ተቀብሎ ዕውቀቱን መመለስ ማስተማር አይባልም፤ አንዱን ሰው ለሁለት መክፈል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከሕጉ እንጀምር፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። በ1876 የወጣው የኢንዲያን ሕግ፣ ከኢንዲያን ወገን የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ የተቀበለ ወይም ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ካህን ለመሆን የበቃ ሰው በዚያው ኢንዲያንነቱ በሕግ ፊት እንዲሰረዝ ይደነግግ ነበር። በ1880 አስገዳጅነቱ ተነሥቶ በፈቃድ ቢደረግም፣ አሳቡ ግን ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ። ተማር፤ ዳሩ ግን ከተማርህ በኋላ የአባትህ ልጅ አትሆንም የሚል ትምህርት በየትኛው ሕዝብ ዘንድ ሊወደድ ይችላል?

ከዚህ የባሰው በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ነው። መንግሥት ከአብያተ ክርስቲያናት ጋራ ባቆማቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች 150,000 ያህል ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠሉ ገቡ፤ በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ የተገኙትም ይቀጡ ነበር። በ1920 ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲሰጡ የሚያስገድደው ሕግ ሲጸድቅ፣ የኢንዲያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ዳንከን ካምቤል ስኮት በአገሩ የተመሰገነ ባለ ቅኔ ነበር። ይህን የምናነሣው ለሐሜት አይደለም፤ ያማረ ግጥም የጻፈው ያው እጅ የሕፃናትን አፍ የሚዘጋ ትእዛዝ ሊፈርም እንደሚችል የመሥሪያ ቤት ሰዎችና የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሁሉ ልናስበው ስለሚገባን ነው። የመጨረሻው አዳሪ ትምህርት ቤት የተዘጋው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ሃርፐር በ2008 በምክር ቤት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሲዮንም በ2015 ከ3,000 በላይ ሕፃናት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች መሞታቸውን አስረድቶ 94 ጥሪዎችን አቀረበ።

እንግዲህ ያለፈው አለፈ፤ አሁን በሩ ክፍት ነው፤ የገንዘብ ርዳታም ይሰጣል፤ ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ ነገር ርዳታው እንደሚባለው የተትረፈረፈ አይደለም። ኮሚሲዮኑ ከጥሪዎቹ ባንዱ፣ ከፍተኛ ትምህርት ለመግባት ተራ የሚጠብቁት የፈርስት ኔሽንስ ተማሪዎች መከማቸት እንዲያበቃ በቂ ገንዘብ ይመደብ ማለቱ ይህን ይመሰክራል። ሁለተኛም፣ ከሩቅ ሰሜን መንደር ወደ ትልቅ ከተማ የመጣው ወጣት የቤት ኪራይና የምግብ ችግር ቢቃለልለት እንኳ፣ በክፍል ውስጥ ስለ ገዛ ወገኑ የሚሰማው ሌሎች የጻፉትን ብቻ ከሆነ፣ የሚማረው ራሱን እንደ ዕቃ ማየት ነው። የሚመረመር እንጂ የሚመረምር፣ የሚነገርለት እንጂ የሚናገር አይሆንም። ይህን ሸክም መሸከም አቅቶት ትምህርቱን ቢያቋርጥ፣ ሰነፍ ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋት ምን ያህል ግፍ ነው!

የበረታው ተቃውሞ ግን ዕውቀት አገርና ዘር የለውም፤ ሒሳብ በሁሉም ዘንድ ሒሳብ ነው፤ የሽማግሌ ተረት ከዩኒቨርሲቲ ምን አለው የሚለው ነው። መልሱን ከበረዶው ምድር እናምጣ። በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን በሁለት መርከቦች ከእንግሊዝ ተነሥቶ በሰሜኑ ባሕር 129 ሰዎች ጠፉ። በ1854 ጆን ሬ የተባለው ሐኪምና መንገደኛ ከኢኑይት አፍ የሰማውን ይዞ ቢመለስ፣ ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ሳይቀር የዱር ሰዎች ወሬ አይታመንም ብሎ በብዕሩ ተነሣበት። ኢኑይት ግን ያዩትን ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለልጅ ልጆቻቸው እየነገሩ አቆዩት፤ ሉዊ ካሙካክ የተባለው የኢኑይት ታሪክ ዐዋቂም ይህንኑ ከሽማግሌዎች ሲሰበስብ ኖረ። በ2014 ኤረበስ የተባለችው መርከብ የተገኘችው ሽማግሌዎቹ በተናገሩት አካባቢ ነው፤ በ2016 ቴረር የተባለችው የተገኘችውም አንድ ኢኑይት አይቶ በጠቆመው መሠረት ነው። ተረት ተብሎ የተናቀው ቃል ከ150 ዓመት በላይ እውነቱን ይዞ ቆየ፤ የተሳሳተው የተማረው ለንደን ነበረ።

ፍርድ ቤትም ይህን ተረድቶታል። የጊትክሳንና የዌትሱዌተን ሕዝቦች ስለ ርስታቸው ባደረጉት ሙግት፣ በ1991 የፈረደው ዳኛ በቃልና በዜማ የወረደውን ታሪካቸውን ዋጋ ነፍጎት ነበር። በ1997 ግን የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሽሮ፣ የቃል ታሪክ ከተጻፈ ሰነድ ጐን በማስረጃነት እንዲቆም ወሰነ። ርስት ለማስመለስ የበቃ ማስረጃ የክፍል ትምህርት ለመሆን አይበቃም የሚል ማነው?

ይህ የትምህርቱን ደረጃ ያወርዳል ለሚሉትም መልስ አለን። የሽማግሌዎች ቃል ሳይመረመር ይታመን አላልንም፤ ገብቶ ይመርመር፣ እርሱም ይመርምር ነው የምንለው። ከደጅ የቀረ ነገር አይመረመርም፤ ይናቃል ብቻ። በ2016 የዊኒፔግና የሌክሄድ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸው ስለ ነባር ሕዝቦች ሳይማሩ እንዳይመረቁ ደነገጉ፤ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲም በ2018 የካናዳን ሕግና የነባር ሕዝቦችን ሕግጋት አጣምሮ ማስተማር ጀመረ። ሕግን በሁለት ሚዛን መመዘን የተማረ ጠበቃ ባንዱ ብቻ ከተማረው በምን ያንሳል?

ዳሩ ግን ማታለያ እንዳለም አንዘነጋም። በምርቃት ቀን ከበሮ አስመትቶ፣ ላባ የደፋ ሽማግሌ ከፊት አስቀምጦ፣ በማግሥቱ ወደ ድሮው መጽሐፍ መመለስ ቀላል ነው። ይህ ማክበር አይደለም፤ ማጌጥ ነው። ሽማግሌው ለአንድ ቀን ጌጥነት ሳይሆን እንደ መምህር በደመወዝ ይቀመጥ፤ ቋንቋው እንደ ቅርስ በመስተዋት ውስጥ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ትምህርት በዲግሪ ይሰጥ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካናዳ ካቶሊካውያን ካህናት፣ አለቃቸውም ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የክህነት ልብሳቸውን ትተው፣ ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ አስተማሩ። በዚያው ዘመን የዚያው ማኅበር ሰዎች በኦንታሪዮ፣ ስፓኒሽ በተባለው ስፍራ፣ የኢንዲያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይመሩ ነበር፤ የወንዶቹ የተዘጋው በ1958 ነው። ማኅበሩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? እዚህ ባለቤቱ ጠርቶና ደንብ ሰጥቶ አስተናገዳቸው፤ እዚያ ባለቤቱን የጠየቀው አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና።

ከእነዚሁ ካናዳውያን አንዱ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ፍልስፍና ሊያስተምሩ በ1953 መጡ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በ5 መጻሕፍት፣ በ1990ዎቹም የኦሮሞን ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈንና ትረካ መርምረው አሳተሙ። መምህሩ ተማሪ በሆነ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ እንጂ አልጠበበም። በአዲስ አበባ የሆነው በዊኒፔግና በቫንኩቨር የማይሆንበት ምክንያት የለም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ የትምህርት በጀት የሚያጸድቁ ሹማምንት በየትም አገር ቢሆኑ ስንት ተማሪ ገባ ብለው ሲቈጥሩ፣ የማን ዕውቀት ገባ ብለውም ይጠይቁ። መምህራን ስለ አንድ ሕዝብ ከማስተማራቸው በፊት ያ ሕዝብ ስለ ራሱ ያለውን ይስሙ። ተማሪዎችም የተማረ ለመባል ሲሉ የእናታቸውን ቋንቋና የአያታቸውን ቃል በዩኒቨርሲቲው በር ላይ እንዲያራግፉ የሚጠይቃቸው ቢኖር፣ በጨዋ አንደበት፣ ነገር ግን ሳያወላውሉ፣ እንቢ ይበሉ።