300 እንቁላል የምትጥለዋ ዶሮ ከየት መጣች? የኛዋስ የት ደረሰች?

ዶሮ አርብቶ እንቁላል ለመሸጥ ያላሰበ ጓደኛ ያለው አለ? "የሌማት ትሩፋት" በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ጫጩት፣ ስለ መኖ፣ ስለ እንቁላል ዋጋ ሆኗል። ዛሬ ብዙም የማይወራውን እናንሳ፦ ያቺን ጎበዝ ጣይ ዶሮ ማን ነው የመረጣት?

መጀመሪያ ልዩነቱን እንይ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። የፈረንጅ ጣይ ዶሮ በደንብ ከተያዘች ወደ 300 ትጠጋለች። የኛዋ ሰነፍ ሆና አይደለም። ጥቂት ትጥልና ታቅፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት እየጠበቀች ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። ለሺህ ዓመታት የመረጣት በሽታና ረሃብ ነው፤ የተረፈችው ወለደች። እንቁላሏን ቆጥሮ የመዘገበ ሰው አልነበረም።

ፈረንጆቹ ግን ቆጠሩ። የእያንዳንዷ ዶሮ እንቁላል ይመዘገባል፣ የተሻሉት ለዘር ይቀራሉ፣ በልጆቻቸው ላይም ያው ይደገማል። ነገርዬው ይኸው ነው። አንድ ችግር ግን ነበረ፦ አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም! ጥሩ ዘር እንዳለው ለማወቅ የእህቶቹንና የሴት ልጆቹን እንቁላል መቁጠር ግድ ነበር፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የዶሮ ሙሉ የዘረመል ካርታ ይፋ ሆነ። ዛሬ ከጫጩት ጥቂት ደም ተወስዶ በሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ምልክቶች ይነበባሉ፤ እንቁላላቸው ከተመዘገበ ዘመዶቹ ጋር ይነጻጸራል፤ አውራው ገና ሳያድግ ይገመገማል። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ከሌላ ፍጡር የተጨመረ ጂን የለም። ያው ምርጫ ነው፣ ፈጠነ እንጂ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። የዓለምን የጣይ ዶሮ ዘር በዋናነት የያዙት ሁለት ቡድኖች ናቸው፦ ሎማንና ሃይላይን ያሉበት የጀርመኑ ኢደብሊው ግሩፕ፣ እንዲሁም ቦቫንስና ኢሳ ብራውን ያሉበት የኔዘርላንዱ ሄንድሪክስ። የሚሸጡልን ጫጩቶች የተለያዩ መስመሮች ድቅል ናቸው። የቦቫንስን እንቁላል አስፈልፍላችሁ እናትየውን የመሰለች ጣይ አታገኙም፤ ድቅልነቱ ይበተናል። ስለዚህ በየዙሩ አዲስ ጫጩት መግዛት ነው። የጫጩቶቹ ወላጆች ደግሞ በዶላር ከውጭ ይመጣሉ።

ሌላም ነገር አለ። ምርጫ የሚሰጥህ የለካኸውን ነው። አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊልያም ሚውር የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። በግል ብዙ የምትጥለዋ ዶሮ አንዳንዴ ጎረቤቶቿን እየጠቀጠቀች የምትጎዳዋ ነች። ስለዚህ ዶሮ በዶሮ መምረጡን ትቶ አብረው በአንድ ቤት የኖሩ ቤተሰቦችን በጅምላ መረጠ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ በዓመት 68 በመቶ የነበረው ሞት ከ9 በመቶ በታች ወረደ፤ እንቁላሉም ጨመረ። ዶሮዎቹ ሰላም አገኙ፣ ባለቤቱም አተረፈ።

ታዲያ የኛ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ለኛ የሚለካልን ማነው? ቦቫንስ የተመረጠችው ለተመጣጠነ መኖ፣ ሰዓቱን ለጠበቀ መብራትና ላልተቋረጠ ክትባት ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ መኖ ከወጪው ከግማሽ በላይ በሚወስድበት፣ ፈንግል አንዴ ከገባ ቤቱን ባዶ በሚያስቀርበት ሰፈር 300ው እንቁላል ወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል።

መልሱ ቤታችን ውስጥ ተጀምሯል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆሮ ዶሮን በእንቁላልና በክብደት እየመረጠ አሻሽሏል። በኋላም በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በሚመራ ፕሮጀክት የተሻሻለችው ሆሮ ከሳሶ፣ ከኩሮይለርና ከኮይኮይክ ጋር በገበሬው ጓሮ ተፈትናለች። ጓሮው ላይ መለካቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዶሮዋ የምትኖረው እዚያ ነዋ።

ግን እንናገር። ዘር ማሻሻል እንደ ሪባን ቆረጣ በአንድ ቀን አያልቅም። አንድ ትውልድ ወደ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ መዝገቡ ከተቋረጠ ወይም በሽታ መንጋውን ከጨረሰው የዓመታት ልፋት ገደል ገባ። ከምርምር ማዕከል የወጣችውን ዶሮ በብዛት አባዝቶ ለወጣቱ የሚያደርስ ከሌለ ደግሞ ሥራው ጥናት ሆኖ ይቀራል። ስለተከፋፈለው ጫጩት ቁጥር በየጊዜው እንሰማለን። ከዚያ ውስጥ ስንቱ እዚሁ የተመረጠ ዘር እንደሆነ፣ ስንቱስ ዓመቱን ቆይቶ እንደጣለ አብሮ ይነገረን ባይ ነን።

እስከዚያው ጫጩት ልትገዙ ከሆነ ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦ ዝርያዋ ምንድን ነው? ለእንቁላል ብቻ ነች ወይስ ለሥጋም? ክትባቷን ወስዳለች? የቀረውስ መቼ ነው? "የፈረንጅ ነች፣ በጣም ትጥላለች" ብቻ ካላችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

እናንተ ጋ የትኛዋ ዝርያ ጸናች? የትኛዋስ አከሰረች? ጻፉልን፣ እንማማር።