መሣሪያው ቀድሞ ገባ፣ ማብራሪያው ዘገየ፦ የንግዱ ኅብረተሰብና የቴክኖሎጂ መረጃ

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ መርካቶ በርካታ ሱቆች ተዘግተው መታየታቸው ይታወሳል። በወቅቱ ያለ ደረሰኝ የሚካሄድ ግብይትን ለመቆጣጠር በገበያው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ተጀምሮ ነበር። ይህንኑ ተከትሎ ደረሰኝ ያልተገኘለት ዕቃ ሁሉ ይወረሳል የሚል ወሬ ከተራ ወደ ተራ ተዛመተ። የሚመለከታቸው የከተማዋ ኃላፊዎች ወሬው ከእውነት የራቀ መሆኑን አስታውቀዋል። ይሁን እንጂ ወሬው ሱቅ ለማዘጋት በቅቷል።

ጉዳዩ ከግብር አሰባሰብ አኳያ ብዙ ተብሎበታል። ከበስተጀርባው ያለው ሌላ ችግር ግን የተገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። ይኸውም የንግዱ ኅብረተሰብ የዕለት ሥራው የተመሠረተባቸውን የቴክኖሎጂ ውጤቶች አሠራር በሚገባው ቋንቋ፣ በመደበኛነትና ከሻጭ ጥቅም ነፃ በሆነ መንገድ የሚያስረዳው ምንጭ እጅግ አናሳ መሆኑ ነው። ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ለአብነት ማንሳት ይቻላል። መሣሪያውን የመጠቀም ግዴታ የተደነገገው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በርካታ ነጋዴዎች መሣሪያውን ገዝተው ቁልፎቹን መጫንና ማታ የዕለቱን ሽያጭ ማጠቃለያ ማውጣት ተምረዋል። መሣሪያው የሚመዘግበው የሽያጩን ወገን ብቻ መሆኑንና ግዢውን በማስረጃ የመያዙ ኃላፊነት የነጋዴው የራሱ መሆኑን ግን በቁጥር ያስረዳቸው ጥቂት ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ውስብስብ አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ነጋዴ የ100 ሺህ ብር ዕቃ በደረሰኝ ሲገዛ በ15 በመቶ ስሌት 15 ሺህ ብር ታክስ ለአከፋፋዩ ይከፍላል። ዕቃውን በ120 ሺህ ብር ሲሸጥ ደግሞ ከገዢው 18 ሺህ ብር ታክስ ይሰበስባል። ለመንግሥት የሚያስገባው የሁለቱን ልዩነት 3 ሺህ ብር ነው። ያለ ደረሰኝ የገዛው ጎረቤቱ ያንኑ ሽያጭ በመሣሪያው ቢመዘግብ ግን የሚያቀናንሰው የግዢ ታክስ ስለሌለው 18 ሺህ ብሩን በሙሉ ማስገባት ይኖርበታል። በዓመቱ መጨረሻም የ100 ሺህ ብሩን ግዢ በወጪነት ለማስያዝ ማስረጃ ያጣል። በመሆኑም 20 ሺህ ብር ያተረፈ ሰው በወረቀት ላይ 120 ሺህ ብር ያተረፈ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ደረሰኝ መቁረጥን ቢሸሽ አድራጎቱ ሕገ ወጥ ቢሆንም ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። (ደረሰኝ የማይሰጠው አስመጪና አከፋፋይ ተጠያቂነት እንደተጠበቀ ነው።) ይህ ስሌት በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ በየሱቁ ቢደርስ ኖሮ፣ ቸርቻሪው ከአከፋፋዩ ደረሰኝ መጠየቅ ለራሱ ኪስ የሚበጅ መሆኑን ከማንም በፊት በተረዳ ነበር።

በስልክ የሚፈጸም ክፍያም የዚሁ ችግር ሌላ ገጽታ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም ባንክ ያልሆኑ ተቋማት ወደ ክፍያ አገልግሎት እንዲገቡ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብርን፣ ሳፋሪኮም ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ኤም-ፔሳን በሀገራችን ሥራ አስጀምረዋል። በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ዕድገቱ ፈጣን ነው። አጭበርባሪውም ከዕድገቱ ወደ ኋላ አልቀረም።

የማጭበርበሪያው ስልት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ገዢ መስሎ የቀረበው ሰው ገንዘብ ማስተላለፉን የሚያሳይ የተቀነባበረ ምስል ከስልኩ ላይ ያሳያል፤ አለበለዚያም የባንክ መልእክት አስመስሎ የጻፈውን አጭር መልእክት ወደ ሻጩ ስልክ ይልካል። ሱቁ በገበያተኛ በተጨናነቀበት ሰዓት ሻጩ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕቃውን ያስረክባል። መከላከያው ቀላል ነው። ሻጩ የገዢውን ስልክ ትቶ የራሱን ሒሳብ ማየት ይኖርበታል። የቴሌብር ደንበኛ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ቀሪ ሒሳቡን ሊያውቅ ይችላል። ከግል ስልክ ቁጥር የመጣ «የክፍያ ማረጋገጫ» ደግሞ ገና ሲታይ ሊጠረጠር የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይነሳል። ከባንኮች የሚላኩ የሒሳብ እንቅስቃሴ መልእክቶች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። «ክሬዲትድ» እና «ዴቢትድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያልለየ የሱቅ ሠራተኛ ከሒሳቡ የወጣውን ገንዘብ ገባ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። «ገባ» እና «ወጣ» የሚሉ ቃላት እያሉን ይህ መሆኑ ያስገርማል። በአማርኛ ለመጻፍ የቴክኒክ እንቅፋት አለ የሚባለው ክርክር በአመዛኙ ጊዜው አልፎበታል። ቀደም ሲል በአንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተና የስልክ አምራቾችም ከተቀበሉት ወዲህ ይህ ችግር ቀርቷል። የቀረው እውነተኛ ገደብ የአጭር መልእክት ርዝመት ነው። በላቲን ፊደል 160 ምልክት የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ይሁንና ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምሮ ስለሚይዝ «500 ብር ከሒሳብዎ ወጥቷል» ለማለት 70 ፊደል ከበቂ በላይ ነው።

የሕጉም ይዘት ለነጋዴው በሚገባ አልተነገረውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ በቴሌግራም ለቀረበለት የዋጋ ጥያቄ «ይሁን፣ ላክ» ብሎ የመለሰ ነጋዴ ውል እንደፈጸመ ሊቆጠርበት ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኞችን ስም፣ ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ ድርጅትን ይመለከታል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም በሸማ ተራ የደረሰው የእሳት ቃጠሎም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። የሒሳብ መዝገብና የዱቤ ደብተር በሱቅ ውስጥ ብቻ ከተቀመጡ ከሸቀጡ ጋር አብረው መጥፋታቸው ነው። የደብተሩን ገጽ በየማታው በስልክ ፎቶ አንስቶ በሌላ ሥፍራ ማስቀመጥ ወጪው ኢምንት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያስረዳ? በአሁኑ ወቅት ይበልጥ የሚሰማው የአቅራቢዎች ድምፅ ነው። አቅራቢው የሚሸጠውን ዕቃ ጥሩ ጎን መናገሩ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ነገር ግን የጥገና ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ውሉ ሲቋረጥ የነጋዴው መረጃ ወዴት እንደሚሄድ፣ የተፎካካሪው ዋጋ ምን እንደሆነ እንዲናገር አይጠበቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መመሪያ ያወጣሉ፣ ያስታውቃሉ። የመመሪያው አማርኛ ግን የሕግ አማርኛ ነው፤ ከዚህም በላይ ተቆጣጣሪው አካል የሚሰጠውን ማብራሪያ ነጋዴው በጥርጣሬ ማድመጡ አይቀርም። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሠራጩት መረጃዎች ብዛታቸው የሚናቅ ባይሆንም፣ ማን እንደጻፋቸውና መቼ እንደተጻፉ የማይታወቅ ይበዛባቸዋል።

ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ተቋም የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ነው። የአዲስ አበባው ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በየከተማው ያሉትም የተደራጁበት አዋጅ ቁጥር 341/1995 ለአባላት መረጃ መስጠትን ከሥራቸው ይቆጥረዋል። ከዚህ አንጻር በየሳምንቱ አንድ አጭር ጽሑፍ ማዘጋጀት ከአቅማቸው በላይ የሚሆን አይመስልም። ጽሑፉ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ያውራ፤ የወጣበትን ቀን ይያዝ፤ መመሪያ ሲለወጥ የቀድሞው ጽሑፍ መሻሩ በግልጽ ይጻፍበት። ያረጀ መረጃ በገበያ ውስጥ ሲዘዋወር ከወሬ አይሻልም። ማንበብ ለማይችሉ ወይም ጊዜ ለሌላቸው ደግሞ ያንኑ በሦስት ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ በስልክ ማሠራጨት ይቻላል። የሐዋሳ ነጋዴ የሚያሳስበው ጉዳይ ከመርካቶው ሊለይ ስለሚችል ርዕሱን የሚመርጡት የየከተማው ምክር ቤቶች ቢሆኑ ይመረጣል።

ወጪውን በተመለከተ ከአባላት መዋጮ የሚገኘው በቂ ላይሆን ይችላል። የባንኮችንና የቴሌኮም ኩባንያዎችን ማስታወቂያ መቀበል አንዱ አማራጭ ነው፤ ማስታወቂያው ከማብራሪያው ተለይቶ «ማስታወቂያ» ተብሎ እስከተጻፈበትና ከፋዩ ድርጅት ጽሑፉን አስቀድሞ የማየት መብት እስካልተሰጠው ድረስ።