ቅቤው ተከሶ ስኳሩ እንዳያመልጥ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ በሚገባ የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት አባቴ ደማቸውን ተመርምረው በመጡ ጊዜ ነው። በባዶ ሆዳቸው የተገኘው የደም ስኳር 112 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ይህ ቊጥር የስኳር በሽታ አይባልም፤ በሽታ የሚባለው 126ና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ነገር ግን ጤናማም አይባልም። በሁለቱ መካከል ያለው ሥፍራ ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል። እሳቱ ገና አልነደደም፤ ጢሱ ግን ታይቷል ማለት ነው።

ወሬው በሰፈሩ በተሰማ ጊዜ ጐረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ቅቤ ነው ይህን ያመጣብዎ፤ ወተቱንም ይተዉት!» ተባለ። አባቴም ቅቤን እርግፍ አድርገው ተዉ፤ ቤታችንም ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ ገባ። ይሁን እንጂ በቅቤው ፈንታ ምን ተተካ? ጧት ነጭ ዳቦ፣ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በያንዳንዱም ብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ሲደገም ቊጥሩ 118 ሆነ። አባቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ ምን ልተው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ተከሳሹን ቅቤ እንመርምር። ቅቤ ከመቶው 80 እጅ ያህሉ ስብ ነው፤ ስኳርም ሆነ ስታርች በውስጡ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ቅቤ ደምን ወዲያው በስኳር አይሞላም። እንዲያውም ስብ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያዘገይ የገንፎው ስኳር ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ወተት ግን የራሱ የሆነ ስኳር አለው፤ በአንድ ብርጭቆ 10 ግራም ያህል ይሆናል። እናቶቻችን እርጎ ንጠው ቅቤ ሲያወጡ የሚወጣው ስቡ ነው፤ ሲረጋ ወደ ኮምጣጣነት ሳይለወጥ የቀረው የወተት ስኳር ከአሬራው ጋር ይቀራል። እንግዲህ ስኳር የፈራ ሰው ቅቤውን ጥሎ አሬራውን ያለ ልክ ቢጠጣ፣ ከፈራው ነገር ሸሸ አይባልም።

ሊቃውንቱስ ምን አገኙ? እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጣ ጥናት ከ63,000 የሚበልጡ ሰዎችን መርምሮ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የወተት ስብ ምልክት የበዛባቸው ሰዎች ቈይተው በስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን አሳየ። በ2020 የወጣውና 21 አገሮችን ያካተተው ጥናትም ስቡ ላልወጣለት ወተት ተመሳሳይ ምስክርነት ሰጠ። ነገር ግን ቸኩለን እልል አንበል! ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ታዩ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በአሜሪካ 72 ሰዎችን በሦስት ክፍል መድቦ፣ አንዱን ክፍል ስብ ያለውን፣ ሁለተኛውን ስቡ የተቀነሰለትን ወተትና የወተት ውጤት ለ12 ሳምንት መገባቸው፤ ሦስተኛው ክፍል ከወተት እምብዛም አልቀመሰም። ስኳርን በመቋቋም ረገድ በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ኢንሱሊን በሰውነት ላይ ያለው ኃይል ግን ወተት በብዛት በተሰጣቸው በሁለቱም ክፍሎች ደከም ብሎ ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው ቅቤ መርዝም መድኃኒትም አለመሆኑን ነው። ለልብና ለደም ሥር ሲባል ልክ ያስፈልገዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እንደ ቅቤ ያለው ስብ ከዕለቱ ምግብ ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይመክራል። ስኳርን በተመለከተ ግን ይኸው ድርጅት ከተቻለ በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይሻላል ይላል። ይህም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። አባቴ የሚጠጡት አሥራ ሁለት ነበር!

አንዳንድ ሰው «አርብቶ አደሮቻችን በወተት ይኖሩ የለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሰላማጎ የሚኖሩት የቦዲ ጐልማሶች ካኤል በሚባለው በዓል በውፍረት ለመወዳደር ለወራት ያህል ወተትና ደም እየጠጡ ይሰነብታሉ። ይህ ግን የበዓል ነገር ነው፤ የዘወትሩ ኑሮ ከብት ተከትሎ መሄድ ነው። በዚያው በሰላማጎ ምድር ደግሞ ዛሬ የኩራዝ ሸንኮራ አገዳ ተተክሎ እናያለን። እኛ የጂንካ ሰዎች ወተቱን ከአርብቶ አደሩ፣ ስኳሩን ከሱቅ ወሰድን፤ የአርብቶ አደሩን እግር ግን አልወሰድንም። ከቤት እስከ ቅዳሜ ገበያ ለመሄድ እንኳ ባጃጅ እንጠራለን።

የእግር ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2002 እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ3,000 በላይ የሆኑ ለስኳር በሽታ የቀረቡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው ከመቶ 7 እንዲቀንሱ፣ በሳምንትም 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ከተረዱት ሰዎች ወገን በሽታው ከመቶ 58 እጅ ቀነሰ። ይህ ውጤት በዚያው ጥናት ከተሞከረው ኪኒን የበለጠ ነበር።

ይህን ሁሉ አንብቤ ለአባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ነጩን ዳቦ ቀነሱ፤ ማታ ማታ ከእኔ ጋር በእግር መሄድ ያዙ፤ ለገንፏቸውም አንድ ማንኪያ ቅቤ ተፈቀደላቸው። በመጨረሻው ምርመራ ቊጥሩ 104 ሆነ። ገና ከ100 በታች አልወረደም፤ የአንድ ሰው ነገርም ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ወረቀቱን በዚህ ጊዜ አጥፈው ኪሳቸው አልከተቱትም፤ ለእናቴ አሳዩአት።

ስለዚህ ሐሳቤን በሦስት ነገር እደመድማለሁ። የትምህርት ቤታችን ሻይ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፤ የፈለገ ለራሱ ይጨምር። የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ! ሳያማችሁ ተመርመሩ፤ ቅድመ ስኳር ሕመም ስለሌለው ብዙ ጊዜ ራሱን አያሳውቅምና። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከወላጆቻችን ማዕድ ላይ አንድ ነገር ለማንሣት ከመፍረዳችን በፊት፣ በፈንታው የምናስቀምጠውን እንመልከት። ቅቤ ውድ ስለሆነ ለብዙው ቤት የዓመት በዓል እንግዳ ነው፤ ስኳር ግን በየቀኑ እየገባ የቤት ልጅ ሆኗል። እንግዳውን ከማባረራችን በፊት የቤቱን ልጅ እንምከረው።