ተራራውን ከታች ሆነን ብቻ አንየው





እኔ በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ስለ ወንዞቻችን ሳስተምር፣ «በእንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ብጠይቅ፣ አርባ ከሚሆኑት ተማሪዎቼ «ወደ ከተማው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የሰጠኝ አልነበረም። አብዛኞቹ ከተራራው ሥር ተወልደው ያደጉ ናቸው። እኔም ያስተማርኋቸው በሰሌዳ ላይ በተሣለ ካርታ ብቻ ነበርና ጥፋቱ የእነርሱ ነው ለማለት አልደፈርሁም።

ስለዚህ በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅጄ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በእግር ወጣን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ካየን በኋላ የተራራውን ጀርባ ይዘን ስንጓዝ ዋልን። በደቡብ በኩል ከተማው በሙሉ፣ ከርሱም ወዲያ የረር፣ ዝቋላ፣ ፉሪና ወጨጫ ይታያሉ። ወደ ሰሜን ዞር ሲሉ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቶ ይገኛል። በዚያ ቆመን፣ በደቡብ የወረደው ውሃ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ገብቶ በአፋር ምድር እንደሚቀር፣ በሰሜን የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ከዓባይ ጋር እስከ ግብፅ እንደሚዘልቅ ነገርኋቸው። አንዱ ተማሪ እግሮቹን አንፈራጦ «አንዱ እግሬ አዋሽ፣ አንዱ እግሬ ዓባይ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ያን ትምህርት የሚረሳ ግን ከመካከላቸው ያለ አይመስለኝም።

በመንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኘን። አንዲቱን አሮጊት «እናቴ፣ እናግዝዎት?» ብንላቸው፣ «እናንተ በደህና ግቡ፤ እኔስ ለምጄዋለሁ» አሉን። ከዚያ በኋላ ደከመኝ ያለ ተማሪ አልነበረም። ማገዶ ስለ ጠፋ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበረ፣ ከተማውንም ያጸናው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ መሆኑን መጽሐፍ ያስተምራል፤ ማገዶው በማን ጀርባ እንደሚወርድ የሚታየው ግን ከተራራው ላይ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች «ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ሰው ዕረፍት እንጂ ዳገት ምን ያደርግለታል?» ይሉኛል። የእኛ ድካም ግን የወንበር ድካም ነውና በመቀመጥ አይወጣም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው መብዛቱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ብዙዎቻችን በመኪና ወጥተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ሰሜኑን ሳናይ እንመለሳለን።

እንግዲህ የማሳስበው፣ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን እንዲያወጡ፣ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር በእግር እንዲሄዱ ነው። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ቀስ ብሎ፣ በኅብረት ሆኖ፣ በበጋ መውጣት ይሻላል። ውሃ የያዘም ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ይመለስ።

ልጆቻችን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ስለ ውሃና ስለ ደን የሚወስኑ ናቸውና፣ ውሃው ከየት እንደሚነሣ ዛሬ በእግራቸው ደርሰው ቢያዩት መልካም ነው።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ