ድስቱ ጾመ፤ እኛስ?

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ይቀርና ሽሮው፣ ምስሩና ተልባው ይተካል። ድስት መለወጥ ግን የጾም መጀመሪያው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የ55 ቀኑ ጾም እሑዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። አራተኛው መጻጉዕ ይባላል፤ 38 ዓመት ታሞ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣውን በሽተኛ ያስታውሰናል። እስቲ በዚያ ሳምንት ራሳችንን እንጠይቅ። በግቢያችን ሰው ያጣ ማን አለ? የታመመችውን ጎረቤት ጠይቀናታል? ከሥራ ደክመን፣ ጾሙም ጠንቶብን ስንገባ ንዴታችንን የምንወጣው በልጆቻችንና በቤት ሠራተኛችን ላይ ነውን? ለሥጋና ለቅቤ ይወጣ የነበረው ገንዘብስ የት ገባ? ጥቂቱ እንኳ ለዚያች ጎረቤት ይድረሳት። ለፋሲካ ዶሮው ብቻ ሳይሆን ልባችንም ተዘጋጅቶ ይቆይ።