ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጊዜያዊ መጠለያ

በጋምቤላ ስለ ደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተነሳ ቁጥር ባለሥልጣኑም ረጂ ድርጅቱም የሚስማሙበት ሐሳብ አለ፤ ሰላም ሲወርድ አገራቸው ይገባሉ፣ እስከዚያው በካምፕ ራሽን እየተሰፈረላቸው ይቆዩ የሚል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ የሠላሳ ዓመቱ ታሪክ ግን ይቃወመዋል። የፑኝዶ ካምፕ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጁባ ላይ የፈነዳው ጦርነት የኩሌ፣ የቲርኪዲ፣ የጀዊና የንጉኝየል ካምፖችን አስከተለ፤ የ2018ቱ የሰላም ስምምነትም አንዳቸውንም አላዘጋም። ዛሬ የክልሉ ስደተኛ ከ300 ሺህ በላይ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ራሱ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ይህን የሚያህል ሕዝብ በራሽን ብቻ ማኖር ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2023 የምግብ እርዳታ ለወራት ሲቋረጥ ታይቷል።

ዓለም ይህን ስሕተት ቀድሞ አይቶታል። ከናዚ እልቂት የተረፉ ብዙ አይሁዶች አገር እስኪያገኙ የቆዩት በጀርመን ካምፖች ነበር። አሜሪካዊው ልዑክ ኧርል ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1945 ለአገሩ ፕሬዚዳንት ትሩማን ባቀረበው ሪፖርት ነፃ የወጡ ሰዎች አሁንም በሽቦ አጥር መከበባቸውን አጥብቆ ነቀፈ። እስራኤል በ1948 ከተመሠረተች በኋላም ከእነዚሁ አንዱ የሆነው የፎረንቫልድ ካምፕ እስከ 1957 አልተዘጋም። መሄጃ አገር የተገኘላቸው እንኳ ይህን ያህል ከቆዩ፣ መመለሻቸው በየጊዜው በጦርነት የሚዘጋባቸው ሰዎች ምን ያህል ሊጠብቁ ነው? ያ ተሞክሮ የወለደው እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት የሥራን መብት አካቷል፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ለስደተኛ ሥራን ፈቅዷል። የጎደለው ፈቃዱን ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ቀጣሪው ማድረስ ነው።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ኑዌርና አኙዋ ድንበሩን ተሻግረው የሚኖሩ ሕዝቦች ስለሆኑ፣ ስደተኛው ከካምፕ ከወጣ የክልሉ የሥልጣንና የመሬት ሚዛን ይናጋል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን የሥራ ፈቃድን ከዜግነት መለየት ነው። የሥራ ፈቃድ የምርጫ ካርድ አይሰጥም፤ የምክር ቤት ወንበርም አይጨምርም። የቀበሌ መታወቂያ አሰጣጥን በጥብቅ መቆጣጠርም የመንግሥት ግዴታ ነው። ሌሎች ደግሞ ካምፕ ለጸጥታ ይበጃል ይላሉ። ኢታንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትልቅ ካምፕ ሆኖ ሳለ የደቡብ ሱዳን አማጺ ጦር የኤስፒኤልኤ ደጀን ነበር፤ ወጣት ያለ ሥራ በአንድ ስፍራ ሲከማች ታጣቂ ለመመልመል ይመቻል። አስተናጋጁ ሕዝብም ትርፍ አላገኘም፤ ደኑ ለማገዶ ሲመነጠር፣ እርዳታው የሠራቸው ክሊኒኮች በአብዛኛው በካምፑ ውስጥ ቀርተዋል። ስለዚህ ክልሉና የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ቀጣዩን በጀት አዳዲስ መጠለያ ከመትከል ይልቅ ነዋሪውና ስደተኛው በጋራ በሚገለገሉበት ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና መስኖ ላይ ያውሉት።